ወረቀት ይተንፍስ

"ቅርንፉድ አለ እኮ!" አሉ ጋሼ ማባዣ፣ ገና እግራቸው ከበሩ ሳያልፍ። "መሳቢያው ውስጥ፣ በቆርቆሮዋ። አንዷን አውጪና ጥርስሽ ላይ ነከስ አድርጊያት። ለምን አልነገርሽኝም?"

ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ነጭ ነገር ጉንጯ ላይ ለጥፋ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ዓይኗን ጨፍናለች።

"የምን ጥርስ ጋሼ?"

"ያመመሽ ጥርስ ነዋ! ፊትሽን በመሐረብ ደግፈሽ ቆመሽ የምን ጥርስ ትያለሽ? እናትሽም እንዲሁ ነበረች። ሕመሟን ደብቃ ደብቃ አንድ ቀን ጠዋት ጉንጯ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሎ ትነሳለች።"

"ጥርሴን አላመመኝም። መሐረብም አይደለም።" ዞረች። የያዘችው ምንም ያልተጻፈበት ንጹሕ የማተሚያ ወረቀት ነው። "ወረቀቱን እያየሁት ነበር።"

"በጉንጭሽ?"

"በጉንጬ።"

ጋሼ ማባዣ ጃንጥላቸውን አራግፈው ጥግ አስደገፉት። "እኛ ወረቀት የምናየው በዓይን ነበር። ትምህርት እየተሻሻለ ሄዶ ጉንጭ ላይ ደረሰ ማለት ነው?"

"ጋሼ ማባዣ" የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለች፣ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ድሮ፣ ፎቶ ኮፒ የሚባለው ነገር በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ በነበረበት ዘመን፣ እሳቸውና ባለቤታቸው እዚያች ክፍል ውስጥ በእጅ የሚዞር ማባዣ ተክለው የትምህርት ቤቱን ፈተና ያባዙ ነበር። ባለቤታቸው ስቴንስል የሚባለውን የሰም ወረቀት በታይፕ ይመታሉ፤ እሳቸው እጀታውን ያዞራሉ። የቀለሙ ሽታ መንገድ ይሻገር ነበር። በዚያ ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ፣ ፈተና ሲታደለው ጥያቄውን ከማንበቡ በፊት ወረቀቱን አፍንጫው ላይ አድርጎ አሽትቶታል። አንዳንዱማ ከፈተናው የሚያስታውሰው ሽታውን ብቻ ነው፤ ውጤቱም ይህንኑ ይመሰክራል።

ዛሬ ማባዣው አሮጌ የጠረጴዛ ልብስ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል። ቦታውን የሚያትምም ኮፒ የሚያደርግም አዲስ ማሽን ወርሶታል። ባለቤታቸውም ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ሥራቸው ግን ከቤቱ አልወጣም፤ ወረቀት በመጣ ቁጥር ጋሼ ማባዣ እያንዳንዱን ደስጣ ከእሽጉ አውጥተው፣ መስኮቱ ሥር ባለው የእንጨት መደርደሪያ ላይ ራቁቱን ይደረድሩታል። ለምን ሲባሉ "ወረቀት ይተንፍስ!" ይላሉ። መደርደሪያውን ያሠሩት ባለቤታቸው ናቸው። ከእሽግ ማውጣቱም የባለቤታቸው ሥራ ነበር። እሽግ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ለጋሼ ማባዣ ጆሮ የሰው ድምፅ ያህል ነው፤ በሰሙት ቁጥር አጠገባቸው የቆመ ሰው ያለ ይመስላቸዋል።

ልጅቱ የባለቤታቸው የእህት ልጅ ናት። የቢሮ ሥራ ተምራ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሕትመት ክፍል ትሠራለች። ፈቃድ ጠይቃ የመጣችው፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ የጋሼ ማባዣ ማሽን ወረቀት መንከስ ስላበዛ ነው። የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ትናንት መጥቶ የተጨማደዱና ጽሑፋቸው የሚራገፍ ፈተናዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ማፈር ብሎ፣ "ጋሼ፣ የነገው ፈተናም እንዲህ ከሆነ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው አዲሱ ቤት ልንወስደው ነው። ርዕሰ መምህሯ ቆርጠዋል" ብሏቸው ሄዷል። ጋሼ ማባዣ የሚበሉት አያጡም፤ ጡረታቸው አለች። ነገር ግን ያ ፈተና መንገዱን መሻገር ካቆመ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ተያይዘው ከጀመሩት ሁሉ የሚቀር ምንም ነገር የለም። ይህንን ለማንም አልተናገሩም። ጠዋት ጫማቸውን ግራና ቀኝ አዛንቀው አድርገው መውጣታቸው ግን ይናገርባቸው ነበር።

"እሺ፣ ጉንጭሽ ምን አለሽ?" አሉ ወንበራቸውን እየሳቡ።

"ቀዝቃዛ ነው አለኝ።"

"ክረምት ነው ልጄ። እኔም ቀዝቃዛ ነኝ።"

ልጅቱ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ደስጣ አወጣች፤ መደርደሪያው ሞልቶ ቦታ ስላጣ ብቻ ሳይከፈት የቀረ ነው። እሽጉን በጥፍሯ ሰንጥቃ ከመሐል አንድ ሉክ መዘዘችና ሰጠቻቸው። "ይኼም እዚሁ ቤት ነው የሰነበተው፤ ክረምቱም ያው ክረምት ነው። ግን አይቀዘቅዝም። ያኛው የሚቀዘቅዘው ውሃ ስለጠጣ ነው።"

"ወረቀት ውሃ ይጠጣል?"

"ከአየሩ ላይ ይጠጣል። እርስዎ ይተንፍስ ብለው ልብሱን ያወልቁለታል፤ እሱ ደግሞ በዚህ ዝናብ ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚተነፍሰው።"

"ጎሽ! አሁን ደግሞ ወረቀቱ ጠጪ ሆነ።" ጋሼ ማባዣ እጃቸውን ወደ ጥጉ ዘረጉ። "ማሽኑንስ ለምን አትወቅሺውም? ያ ማባዣ ያገኘውን ይበላ ነበር። ሻካራ ወረቀት፣ የወየበ ወረቀት። አንድ ጊዜማ ወረቀት ጠፍቶ፣ አክስትሽ የሳሙና መጠቅለያ ቆራርጣ በጀርባው የሒሳብ ፈተና አወጣችበት። ልጆቹ ፈተናውን ባያልፉም እጃቸው ሳሙና እየሸተተ ነው የወጡት። ይኼ ግን የሀብታም ልጅ ነው፤ እህል ይመርጣል።"

"ልክ ነዎት። ይመርጣል።"

ጋሼ ማባዣ ለክርክር ተዘጋጅተው ስለነበር ይህ መልስ ትንሽ አሰናከላቸው። ሰው ሊገፋው የተዘጋጀው በር ክፍት ሆኖ ሲያገኘው እንደሚንገዳገደው ዓይነት ነው።

ልጅቱ ቀጠለች። "ማባዣው በእርጥብ ቀለም ነበር የሚሠራው። ቀለሙን ቶሎ የሚመጥ ሻካራ ወረቀት ይፈልግ ነበር። ለስላሳ ቢሰጡት ይጨማለቅ አልነበር?"

"ይጨማለቃል እንጂ! አክስትሽ አንዴ በክንዷ ደግፋው የሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ እስከ ክርኗ ተጽፎባት ነበር።"

"ይኼኛው የሚጽፈው በዱቄት ነው ጋሼ። ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ ይበትንና በሙቀት ያቀልጠዋል። ወረቀቱ እርጥብ ከሆነ ሙቀቱ ውሃ ሲያደርቅ ይውላል፤ ዱቄቱ በደንብ ሳይጣበቅ ይወጣል። ለዚህ ነው ጽሑፉ በጣት ሲነካ የሚራገፈው። ወረቀቱም በሙቀቱ አንድ ጎኑ ቀድሞ ደርቆ ይጠቀለላል። የተጠቀለለውን ማሽኑ ይነክሰዋል። ማሽኑ አልታመመም፤ እየጮኸ ነው።"

"ቃል አያጥርሽም መቼም። አክስትሽን ነው የወጣሽው።"

"ቃሉን ይተዉትና ይመልከቱ።" ከመስኮቱ ሥር አንድ ሉክ አንስታ ማሽኑ ውስጥ ከተተች። ማሽኑ አጉረመረመ። ወረቀቱ በሚወጣበት በኩል ቀጭን ነጭ ነገር ብን አለ።

"ጭስ!" ጋሼ ማባዣ ከወንበራቸው ተስፈነጠሩ። "አጥፊው! አጥፊው! ይኸው ሰሞኑን የማየው ጭስ!"

"እንፋሎት ነው ጋሼ። ይቀመጡ።"

"እንፋሎት?"

"የወረቀቱ ውሃ ነው። ማሽኑን የሻይ ማንቆርቆሪያ አድርገውታል።"

ወረቀቱ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሎ ወጣ። ልጅቱ ከታሸገው የመዘዘችውን ደግሞ አስገባች። እሱ ያለ እንፋሎት፣ ቀጥ ብሎ፣ ጽሑፉ ጠቁሮ ወጣ። ጋሼ ማባዣ ሁለቱን ጎን ለጎን አይተው፣ ገልብጠው፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩ።

"አንድ ሉክ ምስክር አይሆንም" አሉ።

አምስት ጨመረችላቸው።

"ማሽኑ ካንቺ ጋር ተመሳጥሮ ነው" አሉ። ድምፃቸው ግን ቅድም የነበረው ጉልበት አልነበረውም። "ደግ። እንዳንቺ ይሁን። ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትዪው?"

"ወረቀቱ እስኪፈለግ ድረስ ከእሽጉ አይውጣ። እሽጉን ይዩት፤ ከውስጥ እንደ ሰም ነገር ተለብጧል። ለጌጥ አይደለም፤ እርጥበት እንዳይገባ ነው። ካርቶኑ ሲሚንቶው ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ይኑረው። ደስጣው በጀርባው ይተኛ እንጂ በጠርዙ አይቁም፤ ይጣመማል። ከመስኮቱም ይራቅ። መደርደሪያውም ከዚያ ይነሳ።"

ጋሼ ማባዣ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

"የቱ መደርደሪያ?" አሉ ጋሼ ማባዣ፣ በቤቱ ውስጥ ሌላ መደርደሪያ ያለ ይመስል።

"የመስኮቱ።"

"እሱማ አይነሳም።" ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። "ማሽኑን ቀይር ካልሽኝ እቀይራለሁ። ወረቀቱን አውጥተህ ጣል ብትዪኝም እጥላለሁ። እሱን ግን እሷ ናት እዚያ ያስቆመችው። ወረቀቱን እያወጣች እዚያ ላይ ትደረድር ነበር። እኔም እሷ ስታደርግ ያየሁትን ነው የማደርገው። አክስቴ አታውቅም ነበር ልትዪኝ ነው?"

ብዙ ጊዜ ሰው ስለ ልማድ የሚሟገት ሲመስለን፣ ልቡ የሚሟገተው ስለ ሰው ነው። ልጅቱም ይህን ስላወቀች መልሱን አልቸኮለችበትም። የማባዣውን ሽፋን ገለጥ አድርጋ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ልጅ ሳለች እዚያ መቀመጥ አይፈቀድላትም ነበር።

"ጋሼ፣ ወረቀት በጉንጭ መለካት ከየት የተማርኩ ይመስልዎታል?"

"ከዚያው ከትምህርት ቤታችሁ ነዋ።"

"ከአክስቴ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እዚህ እመጣ አልነበር? ይኼ ጠረጴዛ ሥር ነበር የምቀመጠው። ወረቀት ሲመጣ አክስቴ የጥቅሉን ጫፍ ብቻ ትከፍትና አንድ ሉክ ስባ ጉንጬ ላይ ታደርገዋለች። 'ቀዘቀዘሽ?' ትለኛለች። አዎ ካልኳት ጥቅሉን ትፈታውና መስኮቱ ሥር ትዘረጋዋለች። አይ ካልኳት ጫፉን መልሳ አጥፋ፣ 'ይኼ አይነካም' ብላ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች።"

ጋሼ ማባዣ አገጫቸውን ያዙ። "ወደ ውስጥ ታስገባ ነበር?"

"ከበሩ ኋላ፣ ደረቁ ግድግዳ ጋ። ወረቀቱ ያኔ በምን ነበር የሚመጣው?"

"በጋሪ።" አሁን የሚናገሩት ለልጅቱ አይመስልም። "ከመጋዘን በጋሪ ነበር የሚመጣው። በሳሳ ቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ። ባለጋሪው ሸራውን ለራሱ ይለብስና ወረቀቱን ዝናብ ያስመታው ነበር። እሷ በሩ ላይ ቆማ ትሰድበዋለች፤ እሱ ኮፍያውን አውልቆ ይሰደባል..."

"መስኮቱስ? ያኔ ከትምህርት ቤቱ ጎን ያ ፎቅ ነበር?"

"የምን ፎቅ! ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ እዚህ ድረስ ትገባ ነበር።" በጫማቸው ጫፍ ወለሉ ላይ መስመር አሰመሩ። "እስከዚህ ድረስ። ድመቷ እንኳ ወረቀቱ ላይ እየተኛች ታስቸግራት ነበር።" ከዚያ እግራቸው መስመሩ ላይ ቆመ። "ታደርቀው ነበር ማለት ነው።"

"የረጠበውን ብቻ። አክስቴ በትክክል ታውቅ ነበር ጋሼ። እሷም ደረቅ ወረቀት ነበር የፈለገችው፤ እኔም የምለምንዎት እሱን ነው። ዛሬ ግን ወረቀቱ ታሽጎ ደርቆ ነው የሚመጣው፤ ፀሐይዋን ደግሞ ፎቁ ወስዷታል። ለመሆኑ 'ወረቀት ይተንፍስ' ስትል ሰምተዋት ያውቃሉ?"

ጋሼ ማባዣ ረጅም ጊዜ አሰቡ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ደወል ተደውሎ የልጆች ጫጫታ ተነስቶ እስኪበርድ ድረስ አሰቡ።

"አልሰማኋትም" አሉ። "እኔ ነኝ ያልኩት። ካረፈች በኋላ አንዱ ደንበኛ ለምን እንደማወጣው ጠየቀኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ለማለት አፈርኩ።" ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ሩቅ ነበር። "በእኔም ጉንጭ ላይ ታደርግ ነበር እኮ። ገና እንደተጋባን ሰሞን። አንድ ሉክ ታመጣና እዚህ ለጠፍ አድርጋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ ደግሞ ፍቅር መስሎኝ ዝም ብዬ ፈገግ እላለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ 'አንተን ጠይቆ መልስ የለም' ብላ ተወችኝ።"

ልጅቱ ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ እርጥብ ሆነ። "ፍቅርም ሊሆን ይችላል ጋሼ። ለወረቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የራሷ ጉንጭ ነበራት።"

ጋሼ ማባዣ ተነስተው ወደ መደርደሪያው ሄዱ። ከላይ አንድ ሉክ አንስተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደዚያ ሆነው ቆሙ፤ ለወረቀት መለኪያ ከሚበቃው በላይ ቆሙ።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ያዢ እስቲ በዚያ በኩል። ጀርባሽን ተጠንቀቂ።"

ወረቀቱን አውርደው መደርደሪያውን ሁለቱ ተጋግዘው ከበሩ ኋላ፣ ድሮ ደረቁ ወረቀት ይቀመጥበት ወደነበረው ግድግዳ ወሰዱት። መስኮቱ ሲገለጥ ጋሼ ማባዣ ጥቂት ቆም አሉ። ለካ በዚያ ሁሉ የወረቀት ክምር የትምህርት ቤቱን ግቢ ለራሳቸው ጋርደውት ኖረዋል። ልጆች በዝናብ መሐል ደብተራቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ ክፍል ሲሮጡ ታዩ።

"አዩ፣" አለች ልጅቱ በጣቷ እያሳየች፣ "እነሱ እንኳ ወረቀት መርጠብ እንደሌለበት ያውቃሉ።"

"ዝም በይና ሥሪ" አሉ ጋሼ ማባዣ። ሳቃቸውን ግን አልደበቁም።

ቀኑ በሥራ አለፈ። ጋሼ ማባዣ አንዴ ከተሸነፉ በኋላ የሚጠይቁት ጥያቄ ከሙግታቸው በለጠ። ሲገዙ በምን ይለያል? አሉ። ልጅቱ ከልማድ የሚገዙትን ሻካራ ወረቀት ጠርዝ በጥቁር እጅጌዋ ላይ ጠረገችው፤ እጅጌዋ ነጭ አቧራ ጠጣ። "ይኼ አቧራ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀረው" አለች። "ጠርዙ በንጽሕና የተቆረጠ፣ ለስላሳ፣ እሽጉ ላይ ሰማንያ ግራም የሚል ይግዙ። ከዚያ የሳሳው ርካሽ ይመስላል፤ ግን ሁለት ሁለቱ እየተጣበቀ ይገባል፣ የጀርባውን ጽሑፍም ወደ ፊት ያሳልፋል።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ። "ባለፈው አንዱ ተማሪ ሁለተኛውን ገጽ በመጀመሪያው ገጽ በኩል አንብቦ ሠርቷል አሉ። እኔ ጎበዝ ነው ብዬ ነበር።"

እሽጉ ላይ ያለችውን ቀስትም አሳየቻቸው፤ ማተሙ ከየትኛው ፊት እንደሚጀምር የምትጠቁም ናት። ጋሼ ማባዣ ለዓመታት የቀደዷት ቀስት ይህች ነበረች። ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከማስገባቷ በፊት እንደ ካርታ ገለጥለጥ አደረገችው፤ እስከ አፉም አልሞላችውም። ከተከፈተው ደስጣ የተረፈውን በራሱ እሽግ መልሳ ጠቅልላ በፕላስተር ዘጋችው። መስኮቱ ሥር ከርሞ የረጠበውን ደግሞ አልጣሉትም፤ ለመጠቅለያና ለእጅ ጽሑፍ ይሆናል ብለው ለብቻው አኖሩት።

ይህን ለሚያነብ ሰው ጥቅሙን ሳንናገር ብናልፍ ጋሼ ማባዣ ይቀየሙናል። በዚያ ቀን ማሽኑ አንድም ወረቀት አልነከሰም። ለወትሮው በተጨማደደ ወረቀት ጢም የሚለው ቅርጫት ባዶውን ዋለ። ዱቄቱ ወረቀቱ ላይ እንጂ ጣት ላይ አልቀረም። ጠጋኙን መጥራት አላስፈለገም፤ ጋሼ ማባዣም ማሽኑን በጥፊ አልመቱትም። ይህ ሁሉ የመጣው አዲስ ማሽን ተገዝቶ አይደለም፤ ወረቀቱ ልብሱን እንደለበሰ፣ ደረቅ ቦታ እንዲቆይ ስለተፈቀደለት ብቻ ነው። ሲመሽ ፈተናው ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ አዲስ አንሶላ ተደርድሮ ነበር።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሊወስድ ሲመጣ ኮቱን አራግፎ፣ አንዱን ሉክ አንስቶ ወደ መብራቱ አደረገው። በጣቱ ፈተገው፤ ጽሑፉ አልተነሳም። ልጅ ሳለ በማባዣው ቀለም የተፈተነ ሰው ነውና፣ ሳያስበው አፍንጫው ላይ አድርጎ አሸተተው።

"አይሸትም" አለ፣ ቅር እንዳለው ሁሉ።

"እሱ አልፏል ልጄ" አሉ ጋሼ ማባዣ። "ለርዕሰ መምህሯስ ምን ትላለህ?"

"ምን እላለሁ! ፈተናው ከዚህ ቤት አይወጣም እላለሁ።" ፈተናውን በላስቲክ መጠቅለል ጀመረና አንድ ነገር ትዝ አለው። "ይልቅ ጋሼ፣ የእኛ ቢሮ ማተሚያም ሰሞኑን ወረቀት መንከስ ጀምሯል። ግራ ገብቶኛል። ያኔ የመከሩኝን አንድም አላጎደልኩም እኮ፤ ያለንን ወረቀት በሙሉ ከእሽጉ አውጥቼ መስኮቱ ሥር ደርድሬዋለሁ።"

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ማነው እንደዚያ አድርግ ያለህ?" አሉ ጋሼ ማባዣ።

"እርስዎ ነዎታ! 'ወረቀት ይተንፍስ' ብለው፣ እዚሁ ቆመው!"

ጋሼ ማባዣ መሳቢያውን ከፈቱ፤ የቅርንፉዷን ቆርቆሮ አውጥተው አዩአትና መልሰው ዘጉ።

"እሱን ያልኩህ ቀን፣" አሉ፣ "ጥርሴን አሞኝ ነበር።"